በየ28 ቀኑ የምትመጣው ልጅ፦ ከአንድ መርፌ ክፍል የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ለምን ጻፍኩት

ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ዳርቻ ላይ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ መርፌ ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህ ጽሑፍ ከጥቅምት 2014 እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ስለተከታተልኳት አንዲት የልብ ሕመምተኛ ልጅ ነው። ስሟን አልጠቅስም። የጤና ጣቢያውንና የሆስፒታሉንም ስም ትቼዋለሁ። እሷም አያቷም እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ልጅቷ ስትፈቅድ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው፦ «እንዳለቀስኩም ይጻፉ።»

ስለታመሙ ልጆች ጥንካሬ ብዙ ይወራል። እኔም ስብሰባ ላይም፣ ቡና ላይም ብዙ አውርቻለሁ። ከዚህች ልጅ ጥንካሬ ያገኘሁት ነገር ሕይወቴን አቅንቶልኛል። በዚያው ጥንካሬ ሰበብ ግን ከባድ ስህተት ሠርቻለሁ። ሁለቱ አብረው መጻፍ አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ልጅቷና ሕመሟ

መጀመሪያ ስትመጣ 9 ዓመቷ ነበር። ከአያቷ ጋር፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አምስት ሆነው ይኖራሉ። አያቷ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። ልጅቷ ከገጠር ነው የመጣችው። እዚያ እያለች ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር። እንጥሏ ወርዷል ተባለና በመንደር አዋቂ ተቆረጠ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጉልበቷ አበጠ። እሱ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ፣ ቀጥሎ ክርኗ። ቁርጥማት ነው ብለው ቅቤ አሹላት። እብጠቱ በራሱ ጊዜ ጠፋ። ዳነች ተባለ።

አልዳነችም ነበር። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም በጊዜ ካልታከመ፣ የአንዳንድ ልጆች ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ ተነስቶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። መገጣጠሚያው ይድናል። ልብ ግን ጠባሳውን ይዞ ይቀራል። ሪውማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ሚትራል የተባለው የልብ በር ነው። በሩ በደንብ አልገጥም ሲል ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ልብ ያንኑ ደም ደግሞ ደጋግሞ ይገፋል። ልጅቷ ይህን ከእኔ በተሻለ አስረድታለች። አንድ ቀን ለአያቷ «በሬ አይዘጋም፤ ስለዚህ ልቤ ሁለት ጊዜ ይሠራል» ስትላቸው ሰማሁ።

ሕመሙ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ተጨናንቆ በሚያድርበት፣ ሕክምናም በሚርቅበት ቦታ ይበረታል። ሀብታም በሚባሉት አገሮች እምብዛም አይታይም። እኛ ጋ ግን በየሳምንቱ አየዋለሁ። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2018 አገሮች ለዚህ በሽታ ትኩረት እንዲሰጡ ውሳኔ አሳልፏል። የእኛ መርፌ ክፍል ድርሻ ግን ከዚያ በፊትም በኋላም ያው ነው። ልጆቹ ሌላ የጉሮሮ ሕመም ይዟቸው ልባቸው እንደገና እንዳይጠቃ፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየ28 ቀኑ መውጋት።

በዓመት 13 መርፌ ማለት ነው። የልብ በሩ ለተጎዳ ልጅ ቢያንስ 10 ዓመት ይቀጥላል፤ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ሊደርስ ይችላል። አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ቢያንስ 130 መርፌ ይጠብቃታል። ቤንዛቲን ደግሞ የዋዛ መርፌ አይደለም። ወፍራም ነው። ዳሌ ውስጥ ገብቶ እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ትልልቅ ወንዶች እያነከሱ ሲወጡ አይቻለሁ።

ችግሩ

የመጀመሪያዎቹን ሦስት መርፌዎች የሰጠናት በጉልበት ነው። አያቷ እጇን፣ የጽዳት ሠራተኛዋ እግሯን ይይዛሉ፤ እኔ እወጋለሁ። ሁላችንም «አያምም፣ አያምም» እንላለን። ታም ነበር። ጮኸች። በሦስተኛው ጊዜ ስትወራጭ መርፌው ተደፈነና ደግሜ መውጋት ነበረብኝ። ያን ቀን ስትወጣ ፊቴን ሳታየኝ ሄደች።

በአራተኛው ቀጠሮ፣ ጥር ላይ፣ ሳትመጣ ቀረች። አያቷን መንገድ ላይ አግኝቼ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ካልጋው ሥር ገብታ እምቢ አለች፤ እኔስ ስንቴ ላስጩሃት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የመጣችው በ19 ቀን ዘግይታ ነው። እነዚያን 19 ቀናት ያለ ጥበቃ ነበር የቆየችው።

ስለ ራሴም መናገር አለብኝ፤ ጉዳዩ ውስጥ አለሁበትና። ያ ዓመት እናቴን የቀበርኩበት ነበር። ሥራው ከብዶኛል። የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ልጆች ሲያለቅሱ ምንም እየተሰማኝ አልነበረም። ይህ ነው ያስፈራኝ።

ያደረግነው

የዘገየችው ቀን ማንም እንዲይዛት አልፈለግሁም። አጠገቧ ቁጭ አልኩና እውነቱን ነገርኳት። «ያማል። አያምም ያልኩሽ ውሸቴን ነው። የሚያመው እስከ ሠላሳ እስክትቆጥሪ ነው፤ ከዚያ ሁለት ቀን ያነክስሻል።» ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ለምን ይወጉኛል?» አለች። ስለ በሩ ያስረዳኋት ያኔ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ማንም አልነገራትም ነበር። ሁላችንም ለአያቷ ነበር የምናስረዳው።

ከዚያ እሷ ሕግ አወጣች። የሚወጋውን ጎን የምትመርጠው እሷ ናት። ማንም አይዛትም፤ የአያቷን ነጠላ ጫፍ ራሷ ትይዛለች። «አሁን» ሳትል አልጀምርም። ማልቀስ ይቻላል፤ መወራጨት ግን አይቻልም። የመጨረሻዋን ያስገባችው ራሷ ናት። «ከተወራጨሁ ሁለቴ ነው» አለች፤ የተደፈነውን መርፌ አልረሳችውም።

እኔም የራሴን አሻሻልኩ። መድኃኒቱ ሳይበጠበጥ ቆይቶ እንዳይጓጉል በደንብ አሟሟዋለሁ። ሲሪንጁን በመዳፌ ይዤ ቅዝቃዜውን አጠፋለሁ። ከመውጋቴ በፊት ቦታውን በአውራ ጣቴ አሥር ሰከንድ ያህል እጫናለሁ። ሊዶካይን የሚባለው ማደንዘዣ ሲኖርና ሐኪሙ ሲያዝ በእሱ እናሟሟዋለን። ቀስ ብሎ መውጋት ሕመሙን ይቀንሳል ይባላል፤ እውነት ነው። ግን እኛ ጋ የሚመጣው ዱቄት እየተበጠበጠ የሚሰጥ ስለሆነ በጣም ከዘገዩበት መርፌው ይደፈናል። ትክክለኛውን ፍጥነት እጅ ነው የሚማረው። የፔኒሲሊን አለርጂ የሚፈሩ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ልጆቹ ሳይበሉ አይወጉም፤ ተኝተው ይወጋሉ፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ዓይናችን ሥር ይቆያሉ።

ከሁሉም በላይ የሠራው ግን እንቆቅልሽ ነው። ሐሳቡ የእሷ ነው። መርፌው ሲገባ እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እመልሳለሁ። በእንቆቅልሽ ጊዜ «እርስዎ» የለም፤ ይህን በጣም ትወደዋለች።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልሽ?»

«ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?»

«ፀሐይ?»

«አይደለም! አገር ስጪኝ!»

ጎንደርን እሰጣታለሁ። ጎንደር ደርሳ፣ በልታ ጠጥታ፣ ጠላ ቤቱን ሁሉ ዞራ «ወንዝ ነው!» ስትለኝ መርፌው ወጥቷል። አንዳንዴ መልሱን እያወቅሁ አልመልስም። እሷም ታውቃለች።

የሠራውና ያልሠራው

ከየካቲት 2014 እስከ ታኅሣሥ 2015 ድረስ አንድም ቀጠሮ አልቀረችም። ታለቅሳለች፤ ግን ራሷ ትተኛለች። በሌሎች ልጆች ላይም ለውጥ አየን። መርፌውን የሚወስዱትን ሰባት ልጆች ሁሉ ሐሙስ ከሰዓት እንዲመጡ አደረግን። ኮሪደሩ ላይ እርስ በርስ ተዋወቁ። ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ ሣሉ። እሷ ስትዘል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ሕጉን አስተካከለች፦ መዝለል የማይችል በእርምጃ ይሄዳል፤ ግን ጠጠሩን ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚወረውረው። ሁሉም ተስማሙ። እንዲያውም ዓይን መጨፈኑ ከባድ ሆኖ መዝለል የሚችሉት ሁሉ በእሷ ሕግ መጫወት ጀመሩ።

ከረሜላ አልሠራም። ከመርፌ በኋላ ከረሜላ እሰጥ ነበር፤ አንድ ሐሙስ «ለሚያለቅሱትም ይሰጣል ወይስ ለማያለቅሱት ብቻ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለካ ሳላስበው ዝም ላሉት አብልጬ እሰጥ ኖሯል። ለወላጆች ስልክ መደወልም ብዙ አልረዳም፤ የስልክ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። መድኃኒቱ ከመጋዘን የሚጠፋበት ወር ደግሞ አለ። ያኔ ቤተሰቡ ከግል ፋርማሲ መግዛት አለበት። እንጀራ ለሚሸጡ አያት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቤቱ ይቁጠረው።

የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ሰኔ ላይ ቀደድኩት። ምክንያቱ እሷ ናት። አንድ ሐሙስ ከእኔ ቀድማ መጥታ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። እያነከሰች ወደ ቤቷ ስትመለስ ከኋላዋ አየኋትና፣ ይህች ልጅ ከ28 ቀን በኋላ ምን እንደሚጠብቃት እያወቀች ትመጣለች፤ እኔስ አልኩ። የእናቴ ሐዘን አልቀለለም። ግን ከሐዘኔ ጋር መሥራት እንደሚቻል አየሁ። ልጅቷ ፈርታም ትመጣ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፍርሃቱ እስኪለቀኝ ነበር የምጠብቀው።

ስህተቴ

እዚህ ብቆም ታሪኩ ደስ ይል ነበር። ግን ቀጠለ።

«ጀግናዬ» እላት ጀመር። አዲስ ልጅ ሲመጣ እጇን ይዤ «ይቺን እያት፤ አታለቅስም» እላለሁ። አታለቅስም ማለቴ ውሸት ነበር። ለባልደረቦቼ፣ ለቤተሰቤ፣ ለጎረቤት ስለ እሷ አወራሁ። ከስብሰባ እንግዶች ሲመጡ ወደ መርፌ ክፍል አምጥቼ አሳየኋት። እሷም ፈገግ አለች። ቀስ በቀስ ማልቀሷን ተወች። ተለመደላት ብዬ ደስ አለኝ።

የካቲት 2015 ላይ አያቷ ብቻቸውን መጡ። ለራሳቸው የደም ግፊት ነበር የመጡት። ሊወጡ ሲሉ እግረ መንገዳቸውን «ልጅቷ እኮ አሁን ቁጭ ብላ ነው የምትተኛ፤ ቅዥት ነው መሰል» አሉ። ክው አልኩ። የልብ ሕመምተኛ ቁጭ ብሎ የሚተኛው ጋደም ሲል ሳንባው ውኃ እየቋጠረ ትንፋሽ ሲያጥረው ነው። ወዲያው አስመጣኋት። እግሯን በጣቴ ስጫን የተሰረጎደው ቶሎ አልመለስ አለ። ተቀምጣም ልቧ ይሮጣል። ከሁለት ሳምንት በፊት እዚሁ ክፍል ተኝታ እንቆቅልሽ ጠይቃኛለች። ያን ቀን «ደህና ነሽ?» አልኳት፤ «ደህና ነኝ» አለችኝ፤ ወጋኋት።

ሆስፒታል 12 ቀን ተኛች። ሰውነቷ የቋጠረውን ውኃ የሚያስወግድ መድኃኒት ተሰጣት፤ ጨው ተከለከለች። የልብ አልትራሳውንዱ የበሩ መፍሰስ መካከለኛ ከነበረበት ወደ ከባድ መሸጋገሩን አሳየ። በኋላ ስንቆጥረው ምልክቱ ከጀመራት ሁለት ወር ያህል ሆኖት ነበር።

ልጠይቃት ስሄድ ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት። ያለችውን እንዳለ ልጻፈው፦ «ጀግናዬ ሲሉኝ ደስ ይልዎታል። አሞኛል ብልዎ እንዳያዝኑ ብዬ ነው።»

እናቴ እንደሞተች ታውቅ ኖሯል። አያቷ ነግረዋት ነበር። የ10 ዓመት ልጅ፣ ደረቷ ውኃ እየሞላ፣ ለእኔ ስትጠነቀቅልኝ ነበር።

ይህን ለመቀበል ረጅም ጊዜ ወስዶብኛል። እሷን ማድነቄ ስህተት አልነበረም። ስህተቱ አድናቆቴን የምትሸከመው እሷ መሆኗ ነው። እኔን ለማጽናናት ስትል መታመሟን ደበቀች።

ከዚያ በኋላ የቀየርነው

ከሆስፒታል ስትወጣ የልብ ሐኪሙ መርፌውን አቁሞ በቀን ሁለት ጊዜ የሚዋጥ የፔኒሲሊን ክኒን አዘዘላት። የልብ በራቸው በጣም ለተጎዳና ትንፋሽ ለሚያጥራቸው ሕመምተኞች መርፌው ራሱ ልብን ሊያስጨንቅ ስለሚችል የአሜሪካ የልብ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2022 ይህንኑ መክሯል። እኛ ጋ ግን ሐሙስ ሐሙስ መምጣቷን አላቆመችም።

«ደህና ነሽ?» የሚለውን ጥያቄ አስወጣነው። ልጅ ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ አንድ ነው። አሁን የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ ትናንት ማታ ስንት ትራስ ነበረሽ? ጫማሽ ጠበበሽ? እስክትደርሺ ስንቴ አረፍሽ?

የመጨረሻው ጥያቄ ከእሷ የተገኘ ነው። ከቤቷ እስከ ጤና ጣቢያው ያለው መንገድ ዳገት ነው። የምታርፍባቸው ቦታዎች አሏት፦ የዳቦ ቤቱ ደረጃ፣ ዝግባው ሥር፣ የመብራት እንጨቱ። ደህና በሆነችበት ቀን አንድ ቦታ ብቻ ታርፋለች። ሦስቱም ጋ ካረፈች ያን ቀን ሐኪም ሳያያት አትሄድም። ይህን ለሌሎቹም ልጆች አደረግነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን መንገድና ማረፊያዎቹን በደብተር ላይ ሥሏል። ለሙያዬ ከተሰጡኝ ሥልጠናዎች ውስጥ እንደዚህ ደብተር የጠቀመኝ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ትንሽ ነው። መርፌ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ልጅ የሚያማርርበት ጊዜ አለው። የፈለገውን ያማርራል፤ ማንም «አይዞህ» አይለውም፣ ማንም አያርመውም። አንድ ትንሽ ልጅ ወር በሙሉ ስለ ሹሮ ብቻ አማረረ። በሁለተኛው ወር ጉልበቱ እንደሚያመው ነገረን።

ሦስተኛው ለእኔ ነው። ሐዘኔን የምነግረው ትልቅ ሰው ፈለግሁ። ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር አርብ አርብ ቡና እንጠጣለን። እዚያ አለቅሳለሁ።

ሌላ ቦታ ሊሠራ የሚችለው

የታመመ ልጅ ለሚያስታምም፣ ለሚያስተምር ወይም ለሚያክም ሰው፣ ከዚህ ጉዳይ ይጠቅማል ብዬ የማምነውን ልንገር።

ለልጁ ራሱ ንገሩት። ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ መድኃኒቱ ለምን እንደሆነ፣ የሚያም ከሆነ እንደሚያም። «አያምም» የተባለ ልጅ ሲያመው ሁለት ነገር ያጣል፤ ምቾቱንም፣ እናንተን ማመኑንም። ከዚያ የሚወስነው ነገር ስጡት። ጎን መምረጥ ለእኛ ምንም አይደለም። ለእሷ ግን ካልጋ ሥር ያወጣት እሱ ነው።

ጥንካሬውን ስታደንቁ ያደረገውን ጥቀሱ። «ሳትወራጪ ስለተኛሽ መርፌው በአንዴ ገባ» ማለት ይጠቅማል፤ ልጅቷ ምን እንደሠራ ታውቃለች። «ጀግና» ግን ሁልጊዜ መልበስ ያለባት ልብስ ሆነባት። አንድ ልጅ ማልቀስ ካቆመ ደግሞ ቶሎ ደስ አይበላችሁ። ጠይቁ።

ከልጆች መጽናናት እናገኛለን። እኔ አግኝቻለሁ፤ አልክድም። ግን ከእነሱ ያገኘነውን ነገር ለእነሱ መልሰን ማሸከም የለብንም። ሕመማቸውም እኛን ለማስተማር የመጣ አይደለም። ይህች ልጅ የታመመችው አምስት ሰው በአንድ ክፍል ስለሚያድር፣ የጉሮሮ ሕመሟንም በጊዜ ያየላት ስላልነበረ ነው። ርካሽ በሆነ መድኃኒት በጊዜ ቢታከም ኖሮ እንዲህ መጠንከር ባላስፈለጋት። ጉሮሮውን የሚያመው ልጅ ቤታችሁ ካለ እንጥሉን አታስቆርጡ፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ዛሬ

አሁን 12 ዓመቷ ነው። አምስተኛ ክፍል ናት። ትራሷ አንድ ነው፤ አንዳንዴ ሁለት። ስሟ ቀዶ ሕክምና ከሚጠብቁት መካከል ተመዝግቧል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል በ2009 እ.ኤ.አ. ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ እንደ እሷ ያሉ ልጆች ዕድል የነበራቸው ወደ ውጭ አገር ከተላኩ ነበር። ያን ሥራ ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 እ.ኤ.አ. ባቋቋሙት ድርጅት ጀመሩት። ዛሬ እዚሁ ይሠራል፤ የአገር ውስጥ ባለሙያዎችም ከውጭ የሚመጡ ቡድኖችም ይሠሩበታል። ወረፋ የሚጠብቁት ግን በሺዎች ይቆጠራሉ። መቼ እንደሚደርሳት የነገረን የለም።

ባለፈው ወር ክትትሏ ላይ አብሬያት ሄጄ ነበር። ሐኪሙ የልብ በሩ በሰው ሠራሽ ሊተካ እንደሚችል እያስረዳት ነበር። የብረት የሚባለው ዓይነት ሲዘጋ እንደ ሰዓት ድምፅ እንደሚያሰማ፣ ጸጥ ባለ ቦታ ሌላ ሰውም ሊሰማው እንደሚችል ነገራት። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ዕድሜ ልክ እንደሚወሰድም ነገራት። እሷ የያዘችው ድምፁን ነው።

«ታዲያ ድብብቆሽ መጫወት አልችልም ማለት ነው» አለች።

ሐኪሙ ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነበር። ታክሲ ውስጥም ዝም አለች። ሐሙስ ስትመጣ ኮሪደሩ ላይ ልጆቹን ሰብስባ አገኘኋት። መላ አግኝታለታለች። በሩ ከተቀየረላት በኋላ ዓይኗን ጨፍና የምትቆጥረው ሁልጊዜ እሷ ትሆናለች፤ እነሱ ይደበቃሉ።